ከደምቢያ እስከ አፉላ ጣቢያ፦ የኃላፊ ነርስ ሸክም ታሪክ

በሰሜን እስራኤል፣ በኢይዝራኤል ሸለቆ ያለችውን አፉላን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው፤ የሸለቆው ሆስፒታልም የባቡሩን መንገድ ተከትሎ ነው የመጣላት። ቤቴ አፉላ ነው። የምሠራው ሃይፋ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በውስጥ ደዌ ክፍል፣ ኃላፊ ነርስ ሆኜ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ከጣቢያው ስደርስ አብረውኝ የሚጠብቁት አብዛኞቹ ወታደሮችና ተማሪዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ግን ለማለዳው ርክክብ የሚጣደፉ ነርሶች አይታጡም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ እነሱ፣ በተለይም ክፍል የማስተዳደር አደራ ስለተጣለባቸው ነው። ሸክማቸው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከሐዲዱ ልጀምር። የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ሐጃጆችን ከደማስቆ ወደ መዲና የሚያደርሰውን የሒጃዝ ባቡር ሲዘረጋ፣ ዕቃውን ከባሕር ለማስገባት ከሃይፋ ወደብ እስከ ደርዓ የሚደርስ ቅርንጫፍ ሠራ። ይህ ቅርንጫፍ በ1905 ሥራ ጀመረ። የሐዲዱ ስፋት 1,050 ሚሊሜትር ነበር፤ በዚያው ዘመን ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰው ከእኛው ባቡር ሐዲድ በ50 ሚሊሜትር ብቻ ይሰፋል። በዚህ ቅርንጫፍ ላይ የምትገኘው አፉላ ያን ጊዜ ኤል ፉላ የምትባል የዐረቦች መንደር ነበረች። በ1913 ወደ ጄኒን ሌላ መስመር ሲወጣላት መገናኛ ሆነች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መስመሩ ወደ ደቡብ ተቀጥሎ ከደማስቆ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው በአፉላ የሚያልፍበት ጊዜ መጣ። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1918 የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር አፉላን ሲይዝ መጀመሪያ የያዘው ጣቢያውን፣ ሎኮሞቲቮቹንና ፉርጎዎቹን ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ፣ በ1925 ነው። በ1946 በዚሁ መስመር ላይ ያለው የያርሙክ ድልድይ በፈንጂ ተመታ፤ በ1948 ጦርነት መስመሩ ተቆራርጦ ቀረ። አሁን እኔ የምሳፈርበት፣ በራፋኤል ኤይታን ስም የተጠራው ጣቢያ የተከፈተው በኦክቶበር 2016 ነው። በመካከሉ ሁለት ትውልድ የባቡር ድምፅ ሳይሰማ አድጓል።

ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሁሉ የሐሮድን ምንጭ ያውቃል፤ ጌዴዎን ሰዎቹን በውኃ አጠጣጣቸው የለየበት ቦታ ነው። በ1921 ወጣት ሰፋሪዎች በዚያ ምንጭ አጠገብ ድንኳን ተክለው ዔን ሐሮድን መሠረቱ። ሸለቆው ረግረግ ነበር፤ ወባ ይፈጃቸው ጀመር። የሠራተኞቹ የሕክምና መድን፣ ዛሬ ክላሊት የምንለው ኩፓት ሖሊም፣ የመጀመሪያ ሆስፒታሉን በ1924 የከፈተው እዚያው ዔን ሐሮድ ነው። በ1930 ሆስፒታሉ መንገዱና ሐዲዱ ወደሚገናኙባት ወደ አፉላ ተዛወረ። ዛሬም ሀዔሜቅ፣ የሸለቆው ሆስፒታል፣ ተብሎ እዚያው ቆሟል። ስለ ረግረጉ መድረቅ ብዙ ተጽፏል፤ የወባን ነገር ያጠናው የዶክተር እስራኤል ክሊግለር ስምም በታሪክ ተመዝግቧል። ሌሊቱን ቆመው ያደሩት ሴቶች ግን እምብዛም አይወሱም።

የወባ በሽተኛ የያዘ ክፍል ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። በሽተኛው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ይደራረብለታል። ከዚያ እንደ እሳት ይነድዳል፤ ልብሱ ሁሉ ይገፈፋል፣ እርጥብ ጨርቅ ይደረግለታል። በመጨረሻ ያልበዋል፤ አንሶላው ሁሉ ይቀየራል። ይህ በየሁለት ቀኑ ተመልሶ ይመጣል። በአንድ ክፍል ሃያ ሰው ቢተኛ አንዱ ሲንቀጠቀጥ ሌላው ይነድዳል፣ ሦስተኛው ያልበዋል። ኪኒኑን በሰዓቱ ማዋጥ፣ አጎበሩን መሸፈን፣ ውኃውን ማፍላት አለ። ከነርሶቹ አንዷ ራሷ በወባ ስትወድቅ የእሷን ተራ ማን እንደሚሸፍን የሚወስን ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። ያ ሰው ኃላፊዋ ነርስ ናት። ሐኪሙ ጎብኝቶ ይሄዳል፤ እሷ ግን ካላት ሰው ላይ የሌላትን ሰው መፍጠር አለባት። የዛሬው ሥራዬ ከዚያ የተለየ አይደለም።

ለእኔ ይህ ታሪክ ባዕድ ያልሆነብኝ በአያቴ ምክንያት ነው። አያቴ የደምቢያ ሰው ናት፣ ከጣና በስተሰሜን ካለው ሜዳ። በልጅነታችን በየማታው ከምትተርክልን ነገር አንዱ የአንድ ዓመት ንዳድ ነበር። አጫጅ ታጥቶ ጤፉ እንደቆመ ቀረ፣ ቀባሪ ታጥቶ ለቅሶ በየቤቱ ሆነ ትል ነበር። ንዳዱ ክርስቲያን፣ እስላም፣ ቤተ እስራኤል ብሎ እንዳልመረጠም ትነግረን ነበር። እኛ ተረት ይመስለን ነበር። ነርስ ሆኜ ሳነብ ዓመቱ 1953 መሆኑን አወቅሁ፤ በደምቢያ ሜዳ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ በወባ አለቀ። ያ እልቂት ነው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ያጣደፈው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አግዘውት የተቋቋመው ይህ ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ሰው ያወጣ ነበር፦ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ። ሦስቱ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ወባው አገር አቀፍ ሆኖ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150,000 ያህሉን ገደለ፤ እነዚያ ወጣት ነርሶች ገና ዲፕሎማቸው ሳይደርቅ ከዚህ መዓት ፊት ቆሙ።

እንግዲህ የሸለቆው ሆስፒታል በሐሮድ ወባ፣ የጎንደር ኮሌጅ በደምቢያ ወባ ምክንያት ተወለዱ። አያቴ ከአንደኛው ሜዳ ተነሥታ በሱዳን በረሃ በኩል አልፋ ሌላኛው ሜዳ ላይ ዐረፈች፤ የተቀበረችውም አፉላ ነው። እኔ ከሁለቱም ሜዳ የተረፈውን ሥራ እሠራለሁ።

ቀድሞ ኃላፊ ነርስ እንዴት ትኖር ነበር? ከሁሉ የታወቀችው በኢየሩሳሌም የሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል ሽቬስተር ሰልማ ናት፤ ሽቬስተር በጀርመንኛ እኅት ማለት ነው፣ ነርስም በዚሁ ትጠራለች። ሰልማ ማየር በ1884 በጀርመን ተወለደች፤ በ1916፣ በጦርነቱ መካከል፣ ዶክተር ሞሼ ዋላኽ ወደሚመሩት ሆስፒታል መጣች። በሩን ከፍታ የገባችው በታይፈስ ወረርሽኝ ላይ ነው። ለአሥርታት ዋና ነርስ ሆና ሠራች፣ ለሆስፒታሉ የነርስ ትምህርት ቤት አቋቋመች። አላገባችም። የምትኖረውም እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ነበር። በ1984፣ መቶ ዓመት በሞላት በቀናት ውስጥ ዐረፈች። በጀርመኑ ባቡር ተነሥታ በቱርክ ባቡር ስትመጣ በአፉላ ጣቢያ ሳታልፍ የቀረች አይመስለኝም፤ ያን ጊዜ ሐዲዱ በዚህ ነበርና።

ይህችን ሴት አከብራታለሁ። ፎቶግራፏን፣ ያንን ነጭ ቆቧን ሳይ እንደ እናት ነው የማያት። ነገር ግን የእሷ ሕይወት ከእሷ በኋላ ለመጣነው ሁሉ ሳንጠየቅ የተሰጠ መለኪያ ሆነ። በእንግሊዝም በፍሎረንስ ናይቲንጌል ሥርዓት የሠለጠኑት ማትሮኖች (ዋና ነርሶች) እንዲሁ ሆስፒታል ውስጥ ይኖሩ፣ ሳያገቡ ይሠሩ ነበር። ሆስፒታሉ ሕይወታቸውን ሁሉ ወሰደ፤ ግን ቤት ሰጣቸው፣ ማዕድ ሰጣቸው፣ ስም ሰጣቸው፣ ሲያረጁም አልጣላቸውም። ዛሬ ሆስፒታሎች የሰልማን ዓይነት መሰጠት ይፈልጋሉ። ኃላፊዋ ነርስ ግን የቤት ዕዳ አለባት፣ ከመዋለ ሕፃናት የሚመለስ ልጅ አላት፣ የታመመች እናት አለቻት።

በኢትዮጵያም የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ከዚያው ሥርዓት ወጡ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1939 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ በ1942 ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ፤ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ። የታመመ ሰው ማጠብ የሎሌ ሥራ ነው ይባል በነበረበት አገር የንጉሥ ልጅ ይህን ሙያ ይዛ መመለሷ ለብዙ አባቶች ልጆቻቸውን ወደ ነርስ ትምህርት ቤት ለመላክ በር ከፈተ።

የነርስን ጭንቀት ከሳይንስ መጽሐፍ ያስገባችው የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኢዛቤል ሜንዚስ ናት። በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ የለንደን ሆስፒታል ተማሪ ነርሶቹን ወደየክፍሉ የሚመድብበትን መንገድ ለማሻሻል እንድትረዳው ጠራት። ያየችው ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል። ሞትንና ስቃይን ሲቀርቡት የሚመጣውን ፍርሃት ለማራቅ ሆስፒታሉ ሥራውን ቆራርጦታል። አንዷ ነርስ የሁሉን ሙቀት ትለካለች፣ ሌላዋ የሁሉን አልጋ ታነጥፋለች፣ በሽተኛው በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩና በታመመው የአካል ክፍሉ ይጠራል። ውሳኔው ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። ይገፋል፣ ይገፋል፣ ኃላፊዋ ነርስ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል፤ ከእሷ በላይ ያለው ሰው ክፍሉ ውስጥ የለምና።

ክረምት ሲገባ የውስጥ ደዌ ክፍሎች ከአልጋቸው ቁጥር በላይ በሽተኛ ይይዛሉ፤ በዚህ አገር ይህ በየዓመቱ ያለ ነገር ነው። አልጋው ኮሪደር ላይ ይዘረጋል። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴት በሚያልፍ በሚያገድመው ፊት ፖፖ ይሰጣቸዋል። እኔ መጋረጃ ፍለጋ እሮጣለሁ። በዚያው ሰዓት ከላይ ስልክ ይደወላል፤ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ሪፖርቱ የት ደረሰ ይላሉ። ከታች ደግሞ ወጣቷ ነርሴ ልጇ ታሞባት ማታ መግባት አልችልም ትለኛለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱንም ማርካት ግን አይቻልም። የፈረቃ ሰሌዳውን የምሠራው በሰንበት ዋዜማ ምግብ እያበሰልኩ ነው፤ ስልኬ ሌሊት ከራስጌዬ አይርቅም። ከርክክቡ በፊት የሌሊት ነርሷን ፊት አይቼ ሌሊቱ እንዴት እንደነበር አውቃለሁ።

ከዚህ ሌላ የእኛ ሰዎች ብቻ የምናውቀው ሸክም አለ። በሆስፒታሉ ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ሽማግሌ በተኙ ቁጥር፣ የየትኛውም ክፍል በሽተኛ ይሁኑ፣ እኔ እጠራለሁ። ሐኪሙ ሕመምዎ ስንት ነው፣ ከአንድ እስከ ዐሥር ይንገሩኝ ሲላቸው፣ አባባ እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። ሐኪሙ ዜሮ ብሎ ይጽፋል። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ አባባ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰደዎት ወይ፣ ቀና ማለት ቻሉ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ነው ጎናቸውን ይዘው፣ ልጄ፣ ከትናንት ወዲህ አልተኛሁም የሚሉት። ይህ ሥራ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አይጻፍም፣ ሰዓትም አይመደብለትም። እምቢ አልልም፤ እንዴት እላለሁ? ነገር ግን የገዛ ክፍሌ እስክመለስ አይጠብቅም።

ለመሥሪያ ቤት መታመን የሚባለውን ነገር ከነሥሩ የተማርኩት በጃንዋሪ 1996 ነው። ተማሪ ነርስ ነበርኩ። የእስራኤል የደም ባንክ ከእኛ፣ ከኢትዮጵያ ከመጣነው ማኅበረሰብ የተቀበለውን ደም ሳይነግረን ሲደፋ እንደነበር ጋዜጣ አወጣው። ጃንዋሪ 28 ቀን በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወደ 10,000 ሰው ተሰልፎ ሲጮህ እኔም ነበርኩበት፤ ድንጋይና አስለቃሽ ጭስ መካከል አባቶች ሲያለቅሱ አየሁ። በማግሥቱ ነጭ ልብሴን ለብሼ የሰው ደም ከክንድ መቅዳት ነበረብኝ። ብዙ ጓደኞቼ ሙያውን እንተወው ብለው ነበር። ያስቀረን ምንድን ነው? እኔን ያስቀረችኝ አንዲት ኃላፊ ነርስ ናት። ወደ መድኃኒት ክፍሉ ወስዳ በሩን ዘግታ ስለ ጉዳዩ ጠየቀችኝ፣ እስክጨርስ አዳመጠችኝ፣ የዚያን ቀን ሥራዬን ራሷ ሠራችልኝ። የቆየሁት ለእሷ ብዬ ነው፤ ተቋሙን የወደድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዓመታት አልፈው የአስተዳደር ኮርስ ስወስድ የተመራማሪዎቹን የሜየርንና የአለንን የ1991 ጽሑፍ ሰጡን። ሰው በመሥሪያ ቤቱ የሚቆየው ወድዶት ነው፣ ወይም መልቀቁ ስለሚያከስረው ነው፣ ወይም ይሉኝታ ይዞት ነው ይላል። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ኃላፊ ነርሶች ተያየን። ጡረታዋን የምትቆጥር አለች፤ በሽተኞቼን ለማን ትቼ የምትል አለች። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ታማኝ ናቸው፤ ሁለቱም በየማለዳው በሰዓቱ ይገባሉ። አስተዳዳሪዎች ይህን ልዩነት አለማየታቸው ነው ጉዳቱ። በይሉኝታ የቆየች ሴት ጤናዋን ትከፍላለች።

በዚህ አገር ነርሶች ዝም አላሉም። በ1986 የበጋ ወራት አገር አቀፍ አድማ መቱ፣ በ2012 ዲሴምበር ደግመው ከሁለት ሳምንት በላይ ሥራ አቆሙ። በአድማ ጊዜ ክፍሎቹ በሰንበት የሰው ኃይል ይሠራሉ፤ ጥቂቶች ብቻ ይገባሉ ማለት ነው። እነዚያ ጥቂቶች እነማን ይሁኑ የሚለውን የምትወስነው ማን ናት? ራሷም የማኅበሩ አባል የሆነችው ኃላፊዋ ነርስ። በአንድ በኩል ባልደረቦቿ፣ በሌላ በኩል አስተዳደሩ፣ በመሐል በሽተኛው አለ። በ2017 በሆሎን አንዲት ነርስ በሥራ ላይ ሳለች አንድ ታካሚ አቃጥሎ ሲገድላት በአገሩ ሁሉ ሥራ ቆመ፤ የዚያን ቀን ያለቀሰች ኃላፊ ነርስ በማግሥቱ ነርሶቿን አይዟችሁ ማለት ነበረባት። በጁላይ 2020፣ በኮሮና መካከል፣ ነርሶቹ እንደገና ተነሡ። በአንድ ቀን ውስጥ 2,000 ነርሶችና 400 ሐኪሞች እንዲጨመሩ ስምምነት ተፈረመ። ጥያቄው መሠረት ነበረው፤ በእስራኤል ለ1,000 ሰው ያሉት ነርሶች 5 ገደማ ሲሆኑ በበለጸጉት አገሮች አማካዩ ወደ 9 ይጠጋል።

የአሜሪካ የነርሶች አካዳሚ በ1983 ያወጣው ጥናት ከዚህ ሁሉ ጋር ይገጥማል። ነርስ በጠፋበት ዘመን ነርሶቻቸው የማይለቋቸው ሆስፒታሎች የትኞቹ ናቸው ብሎ 163 መረመረ፣ 41 ለየ። እነዚህን የለያቸው በየክፍሉ ያለች ኃላፊ ነርስ በሰው ኃይልና በሰሌዳ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያላት መሆኗ፣ የነርሶቹ ዋና ኃላፊም በአስተዳደሩ ጠረጴዛ ላይ ድምፅ ያላት መሆኗ ነው። ያን ባነበብኩ ጊዜ የመድኃኒት ክፍሉን በር የዘጋችው ሴት ትዝ አለችኝ። ያደረገችልኝን ለማድረግ ጊዜ ነበራት፤ የእኔን ሥራ ለመሸፈንም ሰው ነበራት። ልቧ ደግ መሆኑ ብቻውን አይበቃም ነበር።

የእኛ ሴት ልጆች ዛሬ በነርስነት በብዛት እየገቡ ነው፤ የኃላፊነት ቦታም እየተሰጣቸው ነው። እኅቶቼ፣ ልጆቼ፣ ቦታው ሲሰጣችሁ በደስታ ተቀበሉት፤ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ሌሊት ስንት ነርስ ይቆምልኛል? በዕረፍት ቀኔ ስልኩን የሚያነሣው ማን ነው? ከበሽተኛ አጠገብ ወጥቼ ለወረቀቱና ለሰሌዳው በሳምንት ስንት ሰዓት ይመደብልኛል? አማርኛ ተናጋሪ ለሆኑት ሽማግሌዎች የምሰጠው ሰዓት ይቆጠርልኛል ወይስ አይቆጠርም? መልሱን በጽሑፍ አስይዙ።